ገብሱን ጉም ያለበሰችው

የበደለችኝ አክስቴ ናት፤ የአባቴ እህት። የበደለችኝም በኅዳር ወር፣ በጎባው ደብር የንግሥ ዕለት፣ ገብሱ ወተት በያዘበት ሰሞን ነው። ከእሷ ቀጥሎ የበደሉኝ የኔታ ናቸው፤ እሳቸው የበደሉኝ ዝም በማለት ነው። ሁለቱም ከሞቱ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። የልጅ ልጆቻቸው ግን ዛሬም በሮቤና በጎባ አሉ፤ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ጎንበስ ብለው ጉንጬን ይስማሉ፣ እኔም እስማቸዋለሁ። የማንንም ስም አልጽፍም። የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የማያውቅም ባያውቅ ምንም አይጎድልበትም።

ዓመቱን አትጠይቁኝ። አገሩ ተይዞ ብዙ ያልቆየበት፣ የሰፈሩት ሰዎች "አገራችን" ሲሉ ገና ሰሜኑን ማለታቸው የነበረበት ጊዜ ነው። አባቴ ከዘመቻው ጋር የመጣ ወታደር ነበር። ድንኳኑ ጎጆ ሆነ፣ ጎጆው አጥር አወጣ፣ አጥሩ ከጎረቤት አጥር ጋር ተያይዞ ሰፈር ሆነ። እኔ የተወለድኩት የአጥሩ እንጨት ገና እርጥብ ሳለ ነው ይሉኛል። አባቴ ወደ ቆላ ለጥበቃ ሲታዘዝ እናቴ አብራው ወረደች፤ እዚያው ወባ ገደላት። እሱ ከአንዱ ጠረፍ ወደ ሌላው ሲዘዋወር እኔ አክስቴ ቤት ቀረሁ።

ከዚያ ዘመን ከሰው ይልቅ በደንብ የማስታውሰው ጉሙን ነው። ማለዳ ከላይ ከሳነቴ ተራራ ተነስቶ እንደ በግ መንጋ ቁልቁል ይወርዳል። መጀመሪያ የላይኛው ሰፈር ይጠፋል፣ ከዚያ ደብሩ፣ ከዚያ የጎረቤት አጥር፣ ከዚያ የራሴ እጅ። ፈረሶች በውስጡ ያልፋሉ፤ ኮቴያቸው ይሰማል፣ እነሱ አይታዩም። ሴቶች ከወንዝ ውኃ ቀድተው ሲመለሱ እንስራው ብቻውን በአየር ላይ የሚሄድ ይመስላል። አሁን ዓይኔን ጨፍኜ ሳስብ የልጅነቴ ሰው ሁሉ ከወገቡ በታች የለውም፤ ከወገቡ በላይ ይታየኛል፣ ይናገራል፣ ከዚያ ነጭ ሆኖ ይጠፋል። አክስቴ ብቻ ናት እስከ እግሯ የምትታየኝ።

ያኔ ሮቤ ከተማ አልነበረችም፤ ገበያ የሚቆምባት ሜዳ ነበረች። ከተማ የሚባለው ጎባ ነው፤ ጎባም ቢሆን የወታደር ሰፈር፣ አንድ ደብርና ብዙ ጭቃ ነበር። የኔታ የሚያስተምሩት ከደብሩ ጀርባ፣ ከአንድ ትልቅ ጽድ ሥር ነው። ከሰሜን በቅርቡ የመጡ፣ ጺማቸው ገና ያልሞላ ወጣት ነበሩ። የወታደር ልጆች አስቸገሯቸው። ፊደል ሲቆጥሩ ልጆቹ ወደ ወንዙ ይሮጣሉ፤ አርጩሜ ሲያነሱ ዛፍ ላይ ይወጣሉ። እኔ ከሴት ብቻዬን ነበርኩ። ያስገባኝ አባቴ ነው፤ ለእረፍት መጥቶ በነበረበት ሰሞን "ፊደል ትቁጠር" ብሎ ለአክስቴ ትእዛዝ ሰጥቶ ሄደ። አክስቴ የወንድሟን ቃል በቀጥታ ማፍረስ ስላልቻለች እስከ ፊደል ፈቀደች። ከፊደል በኋላ ያለውን ንባብ ግን አባቴ በስሙ ጠርቶ አላዘዘም።

"ፊደል ብሏል፣ ፊደል ትቆጥሪያለሽ" ትለኝ ነበር። "ሎሚ አምጪ ላለኝ ብርቱካን አላመጣም። ከዚያ ወፍጮው ይጠብቅሻል።"

ስለዚህ ሌሎቹ ልጆች ፊደል ሲጨርሱ ደስ ይላቸዋል፤ እኔ በተጠጋሁ ቁጥር ወፍጮው ይታየኛል። የመጨረሻዎቹን ፊደላት ሆን ብዬ እያሳሳትኩ ስቆጥር የኔታ አይተውኝ እንዳላዩ ያለፉበት ቀን አለ። ያን ጊዜ ደግ ሰው ናቸው ብዬ ነበር።

አንድ ቀን ልጆቹ ከትምህርት ሸሽተው ሜዳ ላይ ሲፎክሩ የኔታ ደረሱባቸው። ሊመቷቸው የመጡ ነበሩ፤ ቆመው ሰሟቸው። የአክስቴ ልጅ ራሱን በሻሽ አስሮ፣ የበግ ቆዳ እንደ አንበሳ ጎፈር ደፍቶ፣ ቀርከሃ እየነቀነቀ፣ "አንበሳ በጥፊ የገደልኩ!" እያለ ይዘላል። የኔታ አርጩሜያቸውን ጣሉት። በማግስቱ ከጽዱ ሥር ሰብስበው እንዲህ አሉን፦

"ከእንግዲህ ዓርብ ዓርብ የጀግና ቀን ነው። ሁላችሁም አንድ አንድ ጀግና ትወልዳላችሁ። ግን አባታችሁን አይደለም። ሰው የሌለው ኃይል ያለው ጀግና ነው የምፈልገው።"

"አንበሳ በጥፊ?" አለ የአክስቴ ልጅ።

"አንበሳ በጥፊ የሚገድል በየቤቱ አለ፤ ማታ ማታ ጠላ ሲጠጣ ይነግረናል። ሌላ አምጣ።"

እንዲህ ተጀመረ። ለእያንዳንዳችን አንድ ፊደል ሰጡን። ጀግናው የሚፎክረው በዚያ ፊደል ሰባት ድምፆች ነው፤ አንዱ ስንኝ በአንዱ ድምፅ መጀመር አለበት። ፊደሉን ያልለየ ጀግናው ዲዳ ሆኖ ይቀራል። ሲዘል እኛ በግዕዝ እንቆጥርለታለን፤ አሐዱ፣ ክልኤቱ፣ ሠለስቱ፤ ቁጥር ከጠፋን ዝላዩ አይያዝለትም። ደግሞ ጀግና ሁሉ በሳምንቱ አንድ ሥራ መሥራት ነበረበት፤ ለአንዲት ጧሪ ለሌላት አሮጊት እንጨት መሸከም ወይም ከመንገድ ድንጋይ ማንሳት። በመጨረሻም ምስክር ይጠራል። ይሄኛውን ከአዋቂዎቹ ነው የወሰዱት። በትልልቆቹ ፉከራ ምስክር የሌለው ሰው እንደ ቀጣፊ ይቆጠር ነበር፤ "ማን አየህ?" ሲባል አፉን ከያዘ ለዘለዓለም ያፍራል።

ልጆቹ አበዱ። ሊነጋ ሲል ነው የሚመጡት። አንዱ ወይብ ወንዝን በአንድ ትንፋሽ የሚጠጣ ጀግና አመጣ፤ ሌላው ከጎባ ሆኖ ጎሮ ገበያ ላይ የሚሸጠውን ፍየል ጥርስ የሚያይ። አንዱ የደጋ አጋዘን ላይ ተቀምጦ ተራራ ለተራራ የሚጋልብ። የእናቶቻቸውን ኩታ ከአንገታቸው አስረው በጉሙ ውስጥ ሲሮጡ ኩታው ከኋላቸው ይንሳፈፋል፤ እግራቸው ስለማይታይ የሚበሩ ይመስሉ ነበር። እኔ እስከ ዛሬ አንዳንዶቹ በርረዋል እላለሁ።

እኔ የደረሰኝ ፊደል "በ" ነበር። ጀግና ግን አልነበረኝም። ዓርብ ዓርብ ተራዬ ሲደርስ "ገና ነው የኔታ" እላለሁ።

"የጀግናሽ ምጥ በዛ" ይላል የአክስቴ ልጅ፣ ሁሉም ይስቃሉ።

በሳምንት አንድ ቀን አክስቴ ቤት እህል ልትፈጭ የምትመጣ አንዲት ገባር ነበረች። የሷ ሰዎች መሬት ለአክስቴ ባል ተሰጥቶ ስለነበር እንጨቱንም፣ ማሩንም፣ ወፍጮውንም እነሱ ናቸው የሚችሉት። እኔ አዴ እላታለሁ፤ በኦሮምኛ እናቴ እንደማለት ነው። አክስቴ ስትሰማ ትቆጣ ነበር። አማርኛዋ ጥቂት ነው፣ የኔም ኦሮምኛ ጥቂት ነው፤ ሁለቱን ቀላቅለን እንግባባ ነበር። እሷ ስትፈጭ እኔ ዱቄቱን እየጠረግሁ የልጆቹን ጀግኖች አንድ በአንድ ነገርኳት። ድንጋዩን አቆመች።

"ኢንተሎ" አለችኝ፤ አንቺ ልጅ ማለቷ ነው። "የናንተ ጀግና ሁሉ ይገድላል፣ ይጠጣል፣ ይጋልባል። አንድ እንኳ ገብስ የሚያበቅል የለም?"

"ጀግና ገብስ ያበቅላል እንዴ?"

"ያ ረቢ! ታዲያ የምትበሉትን ማን ያበቅለዋል? ይሄ ውርጭ ሲመጣ፣ በአንድ ሌሊት እርሻው ሲቃጠል፣ የናንተ ጀግና የት ነው ያለው? ተኝቷል።"

ከዚያ ስለ ሁሪ ነገረችኝ። ሁሪ ጉም ነው። ጉም ያደረበት እርሻ ውርጭ አይነካውም አለች፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ ኮከቡ የበዛበት ሌሊት ነው ክፉው። ጉም ሲመጣ የሷ ሰዎች "ገብሱ ለበሰ" ይላሉ አለችኝ። ይህን ብላ መፍጨቷን ቀጠለች። እኔ ግን ዱቄቱን መጥረግ ረሳሁ።

ያን ሰሞን በሕልምና በውን መካከል ነበርኩ። ጉም የምታለብስ ሴት አየሁ ብል ማን ያምነኛል? ግን አየኋት። ጎሕ ሳይቀድ ከብት ልፈታ ስወጣ ከበረቱ ማዶ፣ ከእርሻው ጫፍ ላይ ትቆማለች። ረጅም ናት። በክንዷ ላይ የተጠቀለለ ነጭ ነገር አለ፤ እየተረተረች፣ ወደ ኋላዋ እየሄደች፣ ጨርቅ እንደምትዘረጋ ሴት በገብሱ ላይ ትዘረጋዋለች። የእርሻውን ጥግ ጥጉን ሳይቀር ጎትታ ታስተካክላለች። አትቸኩልም። ስትጨርስ ወደሚቀጥለው እርሻ ታልፋለች፤ የሰፋሪ ይሁን የገባር አትጠይቅም። እኔ ገመዱን እንደያዝኩ እቆማለሁ፤ ላሚቱ ትከሻዬን ትልሰኛለች።

አዴ ከነገረችኝ በኋላ በሁለተኛው ዓርብ ተነሳሁ። የማንንም ኩታ አልተዋስኩም። እንዲህ ፎከርኩ፦

በደመና ላይ ሄጃለሁ፤
ቡቃያውን ሸፍኛለሁ፤
ቢነጋ ማንም አያየኝ፤
ባሌ ሙሉ እርሻው ያውቀኝ፤
ቤቴ ከጅባራው ሥር ነው፤
ብርድ ስሜን ሰምቶ የሸሸው፤
ቦና ክረምት የማልተኛው!

ጅባራ ተራራው ላይ የሚበቅል ረጅም ተክል ነው፤ ቦና በጋ ነው፣ ቃሉን ከአዴ ወስጄዋለሁ። ልጆቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። የተያዩት ወደውት ይሁን ሳይገባቸው አላወቅሁም። የኔታ ቀስ ብለው "ድገሚው" አሉኝ። ደገምኩት። "ማን ነገረሽ?" አሉኝ። "ስለ ጉሙ አዴ፣ ሌላውን እኔ" አልኳቸው። "ሌላውን አንቺ" አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። ይህን ንግግር ልብ በሉልኝ። ያወጣሁት እኔ መሆኔን በገዛ ጆሯቸው ሰምተዋል።

ቀጥለው ነው የምሥራቹን የነገሩን። ለደብሩ ንግሥ የአገሩ ሹም ይመጣሉ፣ የልጆቹን ጀግኖች ማየት ይፈልጋሉ። ደስ ያሰኛቸውን ልጅ በራሳቸው ትእዛዝ ወደ ንባብ ያስገቡታል፤ ቀለቡንም እሳቸው ይችላሉ። የሹም ትእዛዝ ከመጣ አክስቴ ምን ትላለች? ወፍጮው ይጠብቅሻል ማለት አትችልም። እስከ ንግሡ ድረስ ሌላ ነገር አላሰብኩም። ከብት ስፈታ፣ ውኃ ስቀዳ፣ ሰባቱን ስንኝ በከንፈሬ እላቸዋለሁ። የአክስቴ ልጅ ደግሞ ከአንበሳው አልወጣም፤ አንበሳውን ሁለት አድርጎት ነበር።

የንግሡ ዕለት ጉም የለም። ሰማዩ እንደ ታጠበ ነበር፤ ይሄ ከሁሉ ነገር በላይ ትዝ ይለኛል። ሁሉም ሰው እስከ እግሩ ይታያል። ከታቦቱ መግባት በኋላ ሹሙ በዳሱ ውስጥ በምንጣፍ ላይ ተቀመጡ፣ ወታደሮቹ በማዕረጋቸው ግራና ቀኝ፣ ሴቶቹ ከጀርባ። ከአጥሩ በር ውጭ ገባሮቹ ለድግሱ ያመጡትን እንጨት እንደተሸከሙ ቆመዋል፤ አውርዱ ያላቸው ሰው አልነበረም። አዴም እዚያ ነበረች።

ልጆቹ አንድ በአንድ ፎከሩ። ወይብን የጠጣው ሳቅ አገኘ፤ አጋዘን የጋለበው ወደቀ። የአክስቴ ልጅ ሁለቱን አንበሶች ገደለ፣ ሹሙ አዛጉ። ከዚያ እኔን አዩኝ።

"ይቺ ደግሞ የማን ናት?"

"የወንድሜ ልጅ ናት ጌታዬ" አለች አክስቴ ከሴቶቹ መሃል። ድምፅዋ ይቅርታ የምትጠይቅ ያስመስላት ነበር።

ፎከርኩ። ስጨርስ ሹሙ ጺማቸውን ያዙ።

"ደግ። ማንን ገደለች?"

"ማንንም ጌታዬ።"

ዳሱ በሳቅ ፈነዳ። አንዱ ወታደር "እንግዲያው እኔም ማንንም አልገደልኩ፣ ጎፈሩ ይሰጠኝ!" አለ። ሌላው "አንተማ ሦስት ጋን ጠላ ገድለሃል፣ ምስክርህ እኔ!" አለው። ልጆች ለመማር ያወጡት ጀግና መሆኑን አንዱም አላሰበም። ለነሱ ፉከራ ፉከራ ነው፤ ሬሳ ይፈልጋል።

"ውርጭን ነው የምትገድለው" አልኩ።

ሹሙ እጃቸውን አንስተው ሳቁን አቆሙት። "ምስክር አላት?"

"አላት።"

"ጥሪው።"

"ያቺ ናት" አልኩና ወደ በሩ ጠቆምኩ።

ሰው ሁሉ ዞረ። አዴ እንጨቱን እንዳዘለች ቆማለች። በዚያ ዘመን በሰፋሪው ሸንጎ የገባር ቃል አይቆጠርም ነበር፤ እኔ ደግሞ ለጀግናዬ ምስክር ብዬ በሹሙ ፊት ገባር ጠራሁ። ሕፃን ነበርኩ፣ ያየ ሰው ምስክር ይሆናል ብዬ ነው። የአክስቴ ባል ፊቱ ጠቆረ። አክስቴን አየኋት፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ሹሙ ብቻ ትመለከታለች።

አስተርጓሚው ተጠራ። አዴ ግን አልጠበቀችውም።

"ዱጋ ነው ጌታዬ" አለች፤ እውነት ነው ማለቷ ነው። "ጉም ያደረበት ገብስ አይቃጠልም። እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። እርስዎም እርሻ ካለዎት ይዩ።"

አንዱ "ድፍረት!" አለ። ሹሙ ግን መጀመሪያ ዓይናቸው፣ ቀጥሎ ጥርሳቸው ሳቀ። "እኔ አንበሳ ስሰማ ነው የኖርኩት" አሉ። "ዓምና ገብሴን ውርጭ ሲያቃጥለው ግን አንድ ጀግና እንኳ አልደረሰልኝም። ይሄን ማን አወጣው?"

አፌን ከፈትኩ። አክስቴ የሹሙን ጥርስ እስክታይ ነበር የቆየችው። ካየች በኋላ አልቆየችም።

"የኔ ልጅ ነው ያወጣው ጌታዬ!" አለች፤ ብድግ ብላ ወደ ፊት መጣች። "ሴት ልጅ ይሄን ከየት ታመጣዋለች? እሱ ነው ያስጠናት። ለእህቱ አዝኖ የራሱን ሰጥቷት ነው በአንበሳ የቀረው።"

የአክስቴ ልጅ የበግ ቆዳውን ከራሱ አውርዶ እጁ ላይ ያዘው። አላስተባበለም፣ አላረጋገጠምም። ሹሙ ወደ የኔታ ዞሩ።

"እውነት ነው መምህር?"

የኔታ መሬቱን አዩ። መቋሚያቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። አክስቴ ቤት ነበር እራት የሚበሉት፤ ጎጆአቸውንም የሠራላቸው ባሏ ነው።

"ልጆቹ እርስ በርሳቸው ይረዳዳሉ ጌታዬ" አሉ።

ይህን ብቻ ነው ያሉት። ውሸት ነው ብዬ እንዳልከሳቸው እንኳ ውሸት አልነበረም። ሹሙ ደስ አላቸው፤ ፉከራውን ሰጥቶ ራሱ ባዶ እጁን የቀረ ልጅ፣ እንዴት ያለ ልብ ነው አሉ። የእውነቱን ጎፈር አስመጥተው የአክስቴ ልጅ ራስ ላይ አደረጉት። ሰፋው፣ ዓይኑ ላይ ወረደ። ወደ ንባብ ይግባ ተባለ። እኔ አንድ ቁራጭ ሥጋ ተሰጠኝ።

"እኔ ነኝ" አልኩ። ሁለት ጊዜ አልኩት። ያኔ ግን ከበሮው ተጀምሮ ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ አክስቴ እጄን ይዛ ነበር፤ ሌላ ጊዜ ይዛኝ አታውቅም።

"ምን ሆነሽ ነው የምታኮርፊ? ነገሩ ከቤት አልወጣ። እሱ ሰው ሲሆን አንቺም ትበያለሽ።"

"የኔ ነበር እትዬ።"

"የኔ፣ የኔ! አንቺ የማን ነሽና ነው የኔ የምትዪው?"

በሚቀጥለው ሳምንት አዴ ልትፈጭ ስትመጣ ወፍጮው ላይ እኔን አገኘችኝ። ፊደሌ አልቋል ተብሎ ተቀምጬበታለሁ። አጠገቤ ተንበረከከችና እጆቿን በእጆቼ ላይ አደረገች፤ ድንጋዩን አብረን ገፋነው። "ገብሱን ጠየቁኝ፣ መሰከርኩ" አለችኝ። "ማን እንዳወጣው ቢጠይቁኝ ያንንም እመሰክር ነበር። አልጠየቁኝም።" ከዚያ ሌላ ቃል አልተነጋገርንበትም።

ዓመት ዞረ። ከጽዱ ሥር ዓርብ ዓርብ ሲፎከር እስከ ወፍጮው ይሰማኝ ነበር። ሲቆጥሩ ከንፈሬ አብሮ ይቆጥራል። ሴቲቱ ከእርሻው ጫፍ አልጠፋችም፤ ብቻዋንም አልቀረችም፤ ሌሎች ከኋላዋ መምጣት ጀመሩ። አንዷ የደረቀ ምንጭ አፍ ላይ ጆሮዋን አድርጋ ውኃው ከምድር በታች ወዴት እንደሄደ የምትሰማ ነበረች። ሌላዋ የጠፋ ከብት ኮቴ ከመሬት ላይ እንደ ክር የምትጠቀልል። ስንኛቸው ሁሉ ተዘጋጅቶ ነበር። ለማንም አልነገርኩም፣ ለአዴም ጭምር።

ኅዳር ሲቃረብ ሹሙ ላኩ፤ ያ ልጅ ዘንድሮ አዲስ ጀግና ይዞ ይምጣ፣ ካማረኝ ቤቴ አሳድገዋለሁ አሉ። የአክስቴ ልጅ ወሩን ሙሉ ጣሪያ ሲያይ ከረመ። አንድ ማለዳ አክስቴ ወደ ወፍጮው መጣች። ቁና ደፍታ አጠገቤ ተቀመጠች። በዚያ ቤት ሰው ሆኜ እስከማውቀው አጠገቤ ስትቀመጥ የመጀመሪያዋ ነው።

"እናቴ" አለችኝ። "ደከመሽ አይደል?"

ዱቄቱን ጠረግሁ።

"አንዲት ብቻ አውጪለት። አንዲት። አንቺ እንደሆነ አይቸግርሽም።"

"እኔ ነበርኩ እንዴ ያወጣሁት?"

"ኧረ ተይ፣ ያለፈውን አታንሺ። ስሚኝ። አንዲት አውጪለትና ወደ ንባብ አስገባሻለሁ። በማርያም! ነገውኑ ለየኔታ እነግራቸዋለሁ፤ እሳቸውም ደስ ይላቸዋል፣ ሁልጊዜ ይጠይቁኛል።"

በሩ ክፍት ነበር። ውጭው ነጭ ነው፤ ጉሙ እስከ ደፉ ገብቶ ነበር። ንባብ ማለት ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ከጽዱ ሥር ሲያነቡ ድምፁ እንዴት እንደሚወርድ፣ እንዴት እንደሚቆም አውቃለሁ። ከዚያ የበለጠ የምፈልገው ነገር አልነበረኝም።

"በማን ስም?" አልኳት።

"በሱ ስም ነዋ! ላንቺ ስሙ ምን ያደርግልሻል? አንቺ ንባቡን ታገኛለሽ።"

ድንጋዩን አቆምኩ። ምንጭ የምትሰማዋ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ እስከ ጉልበቷ ነጭ ውስጥ ናት፣ ጆሮዋን ወደኛ አዘንብላለች።

"አላውቅም እትዬ" አልኩ።

"ምኑን ነው የማታውቂው?"

"ጀግና ማውጣት አላውቅም። ሴት ልጅ ከየት ታመጣዋለች?"

ቁናውን በእግሯ ገፍታ ወጣች።

በንግሡ ዕለት የአክስቴ ልጅ ቆሞ የዓምናዋን ጀግና ፎከረ። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ጠፋበት። ሹሙ "ይሄን ሰምቻለሁ" አሉ፤ ለሌላ ልጅ ተራ ሰጡ። ከዚያ ወዲህ ስሙን አላነሱትም። እሱም ንባቡን በዓመቱ ተወ፣ በቅሎ ጠባቂ ሆነ፤ ክፉ ሰው አልነበረም። የኔታ በመንገድ ሲያገኙኝ "እንደምን ነሽ?" ይሉኝ ነበር። "ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን" እላቸው ነበር።

ንባብ አልገባሁም። ያለኝን ፊደል ይዤ ቀረሁ፤ ይህንንም የጻፍኩት በሱ ነው። ለአካለ መጠን ስደርስ ጎሮ ዳሩኝ። አክስቴ ስትሞት ለለቅሶ ጎባ ሄድኩ። ሴቶቹ ግጥም እንደማውቅ ሰምተው ሙሾ አውጪላት ብለው ለመኑኝ። አላወጣሁም። ንፍሮውን በላሁ፣ ሬሳው እስኪወጣ ተቀመጥኩ፣ ከዚያ በቅሎዬን አስጭኜ ወደ ጎሮ ተመለስኩ።